ባክግራውንድ ቼክ በአሜሪካ የሥራ ቅጥር

አሠሪ ሠራተኛ ከመቅጠሩ በፊት የአመልካቹን የወንጀል መዝገብ፣ የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ማስረጃና አንዳንዴም የብድር አከፋፈሉን የሚያጣራበት አሠራር በዩናይትድ ስቴትስ «ባክግራውንድ ቼክ» ይባላል። በኢትዮጵያ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ተያዥ አምጣ ሲባል የሚታመነው ስለ እርሱ የሚፈርመው ሰው ሲሆን፣ በአሜሪካ ይህን ቦታ የያዘው አመልካቹን በአካል የማያውቅና ከፍርድ ቤቶችና ከሌሎች መዛግብት የለቀመውን መረጃ በክፍያ የሚያቀርብ ድርጅት ነው።

ድርጅቶቹን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት፣ ስሙ የብድር ጉዳይ ብቻ ቢያስመስለውም፣ አሠሪው ማጣራቱን ራሱን በቻለ ጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኝና በሪፖርቱ ምክንያት ሊጥለው ካሰበ ከውሳኔው በፊት ቅጂውን እንዲሰጠው ያስገድዳል። በፍርድ ያልተቋጨ እስር፣ ደመወዙ በዓመት 75,000 ዶላር ለማይደርስ ሥራ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ አይጠቀስም፤ የጥፋተኝነት ፍርድ ግን በፌዴራሉ ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም።

ክርክሩ የበረታው ግን መዝገብ ያለበትን ሰው በጅምላ በማግለል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሚዙሪ ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ከቀላል የትራፊክ ጥፋት በቀር በማናቸውም ወንጀል የተፈረደበትን ሁሉ አለመቅጠሩ ጥቁሮችን ያለ በቂ ምክንያት የሚጎዳ መሆኑን ወሰነ፤ የጥፋቱ ክብደት፣ ያለፈው ጊዜና የሥራው ጠባይ እንዲመዘኑ የሚጠይቀው መርሕም ከዚሁ ክርክር የመጣ ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ዲቫ ፔጀር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው የሚልዋኪ ጥናት፣ የወንጀል መዝገብ እንዳላቸው የገለጹ ነጮች 17 በመቶ መልሶ የመጠራት ዕድል ሲያገኙ መዝገብ የሌላቸው ጥቁሮች ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከሃዋይ የጀመረው፣ የወንጀል ጥያቄን ከማመልከቻ ቅጽ የሚያወጣው «ባን ዘ ቦክስ» መፍትሔ ቢመስልም፣ በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ነጭ አመልካቾች በጥቁሮች ላይ የነበራቸው ብልጫ ከ7 ወደ 43 በመቶ አድጓል፤ መረጃ የተነፈገው አሠሪ ከስም መገመት ጀመረ ማለት ነው።

ስም ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሌላም ጣጣ አለው። በአውሮፕላን ማረፊያ በተከለሉ ቦታዎች ለሚሠራ ሰው የ10 ዓመት ታሪክ በጣት አሻራ ስለሚጣራ የማንነት መምታታት እምብዛም አያሠጋም፤ በስምና በልደት ቀን ብቻ የሚደረገው የተራ አሠሪዎች ማጣራት ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥራል፣ በላቲን ፊደል ብዙ መልክ ያለውን አጻጻፍ ያምታታል፣ ቀኑ ባለመታወቁ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ሞክሼዎችን እንደ አንድ ሰው ሊያይ ይችላል። እንዲህ ያለ አመልካች ስሕተቱን ሲያመለክት ድርጅቱ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ የማረም ግዴታ አለበት፤ አሠሪው ግን እስከዚያ ድረስ ቦታውን ክፍት አድርጎ እንዲጠብቅ የፌዴራሉ ሕግ አያስገድደውም።