የተረከዝ አጥንት ሲስት፦ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እግሩ ወለም ብሎት ኤክስሬይ የተነሳ ወጣት «ተረከዝህ አጥንት ውስጥ ክፍተት ይታያል» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት ካንሰር ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የሚታየው በፈሳሽ የተሞላ፣ ካንሰር ያልሆነ ሲስት ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም። በብዛት የሚወጣው በልጆችና በወጣቶች የላይኛው ክንድና የጭን አጥንት ላይ ሲሆን፣ ከእግር በኩል ደግሞ ተረከዝ ላይ ይበረታል።

ትንሽ ከሆነና ካላመመ በየጊዜው በኤክስሬይ መከታተል ይበቃል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሲረግጡ የሚያም፣ አጥንቱን የሰነጠቀ ወይም በጣም የሰፋ ሲሆን ነው። አንዳንድ ሐኪሞች የተረከዙን ወርድ በሙሉ ከያዘና ከርዝመቱም ቢያንስ 30 በመቶውን ከሸፈነ ለስብራት ያሰጋል ይላሉ። እስከዚያው ወጌሻ ጋር ሄዶ ማሳሸት አይመከርም፤ ውስጡ የሳሳ አጥንት ነውና።

በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ በተረከዙ ውጫዊ ጎን ገብቶ አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍታል። ፈሳሹን አውጥቶ የሲስቱን ሽፋን በደንብ ፍቆ ያነሳል። ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ሽፋኑ ከቀረ ሲስቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የተፋቀው ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል። በደም የሚሞላና ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ሌላ ዓይነት ሲስትም ስላለ ውጤቱን ሳያዩ «አለቀ» ማለት አይገባም።

ክፍተቱ ከታካሚው ዳሌ በተወሰደ አጥንት፣ በለጋሽ አጥንት ወይም ከካልሲየም በተሠራ መሙያ ይሞላል። ከእንስሳ አጥንት የሚዘጋጅም አለና የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ለክንድ አጥንት የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ በተረከዝ ላይ ያን ያህል ውጤት አላሳየም።

ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ በአካባቢው የሚያልፈው ነርቭ ተነክቶም የእግር ውጫዊ ጠርዝ ሊደነዝዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት፣ እግሩን ሳይረግጡ በክራንች መሄድ አለ። መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። ዉዱእ ላይም ጀሶውን ማራስ አያስፈልግም፤ ጤነኛውን ክፍል አጥቦ በጀሶው ላይ በእርጥብ እጅ ያብሳል፤ በሻፊዒይ መዝሃብ ተየሙም ይጨመርበታል። ሐኪሙ በኤክስሬይ አጥንቱ መሙላቱን አይቶ ሳይፈቅድ ግን ኳስ ሜዳ መመለስ የለም።