«ጧ!» የምትለዋ ፔዳል

ጊታሪስት ጓደኛ ካላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሁለት አምፕሊፋየር ይዟል፤ አንዱ ለንጹሁ ድምፅ፣ ሌላው ለዲስቶርሽን። መሃላቸው በእግር የሚረገጥ ሳጥን አለ፤ አንዴ ሲረገጥ ጊታሩን ወደዚህኛው፣ ደግሞ ሲረገጥ ወደዚያኛው ይልከዋል። ችግሩ ባንዱ ጸጥ ብሎ ዘፋኙ ትዝታ ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ነው። ሳጥኑ ይረገጣል፤ ስፒከሩ «ጧ!» ይላል፤ ሰው ሁሉ ዞር።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፔዳል የሚታሰበው በዶላር ስለሆነ ግን ለጓደኛዬ ሳጥኑን ቤት ውስጥ ሠራሁለት። የአልሙኒየም ሳጥን፣ ሦስት ጃክ፣ ባለዘጠኝ እግር ፉት ስዊች፣ አንድ ኤልኢዲ። በቃ ይኸው ነው። ሠራ፤ «ጧ!» ማለቱም አልቀረም። እሱ ደግሞ ዓርብ ማታ አንድ ሆቴል ለሙከራ ሊጫወት ነው፤ ከወደዱት በየሳምንቱ እንጀራ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል? የጊታሩ ፒካፕ ራሱ ዲሲ ቮልቴጅ አያወጣም። ከፊት ያሉት ፔዳሎች ወይም የአምፑ መግቢያ ግን ካፓሲተር አላቸው፤ ካፓሲተር ደግሞ ጥቂት ያፈሳል። ስዊቹ አንዱን መስመር ሲለቀው ሽቦው የትም ሳይነካ ይንጠለጠላል፤ የፈሰሰችው ቻርጅ መሄጃ አጥታ ትጠራቀማለች። ስዊቹ መልሶ ሲያገናኘው በአንዴ ትለቀቃለች፤ አምፑም ያችን ዝላይ አጉልቶ ያወጣታል። ጠፍታ የከረመች የቧንቧ ውሃ ስትመለስ መጀመሪያ እንዴት እንደምትተፋ አስታውሱ።

መፍትሔው ለቻርጇ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቀጭን መውጫ መስጠት ነው፦ ከእያንዳንዱ ጃክ የሲግናል እግር ወደ ግራውንድ አንዳንድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር። ቀለሟ ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። ሦስቱም ተደምረው ከአንድ ማኪያቶ ይረክሳሉ። «ትንሽ ብትሆን ቶሎ ታፈሳለች» ብላችሁ 10 ኪሎኦም እንዳታስገቡ፤ የጊታሩ ድምፅ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ገመድ ከተሰካ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች አሁንም ሊጮሁ ስለሚችሉ ቮልዩሙ ሳይከፈት ጨርሷቸው።

ኤልኢዲውም ንጹሕ አይደለም። ሲበራ የሚስበው ከረንት ድንገት ስለሚዘል፣ ግራውንዱን ከጊታሩ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተጋራ ትሰሙታላችሁ። የራሱን ሽቦ እስከ ፓወር ጃኩ ሰጠሁት፤ 1 ኪሎኦም የነበረውን ሬዚስተሩንም በ4.7 ኪሎኦም ቀየርኩት። ብርሃኑ ቀነሰ እንጂ መድረክ ላይ ይታያል። «ጧ» ወደ «ጢቅ» ወረደ፤ እሱም የስዊቹ ብረት ራሱ የሚያሰማው ነው፣ በስፒከር አይወጣም።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁለቱ አምፖች በሳጥኑ ግራውንድ ሲገናኙ፣ በመብራቱ አርዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ስላላቸው፣ ቀለበት ይሠራሉ፤ 50 ኸርዙ «እምምም» እያለ ይገባል። ጓደኛዬን አንድ ሰው «የአንዱን ሶኬት ሦስተኛ እግር ቁረጠው፣ ዝም ይላል» ብሎታል። እውነት ነው፣ ዝም ይላል። ግን ያ እግር ያለው አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ 220 ቮልቱ በጊታሪስቱ ጣቶች እንዳያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶን ዘ ክራውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቬይ ስዋንሲ ውስጥ መድረክ ላይ እያለ በትክክል አርዝ ያልተደረገ ማይክ ነክቶ ሞቷል። ስለዚህ «አልቆርጥም፣ አንተም እንዳትቆርጥ» አልኩት። እኛ አገር ደግሞ ከሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ጀርባ ሽቦ የሌለበት ቤት ስንት ነው! መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት የቤቱን ኤሌክትሪሻን ጠይቁ።

ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱ መውጫዎች በአንዱ ላይ 1 ለ1 የኦዲዮ ትራንስፎርመር ማስገባትና የዚያን ጃክ ብረት ከሳጥኑ በፕላስቲክ መለየት ነው። ሲግናሉ በማግኔት ይሻገራል፤ ግራውንዱ ሽቦ አይነካካም። ለጊታር የሚሆነውን ግን በቀላሉ አታገኙትም፤ የስልክ ቻርጀር ውስጥ ያለው አይሆንም።

ዓርብ ትራንስፎርመሩ ስላልተገኘ ሦስተኛው እግር ሳይነካ፣ ከነእምታው ተጫወተ። ሆቴሉ ለሚቀጥለው ዓርብም ጠርቶታል፤ እኔም አሁን የድሮ ሚክሰር የሚፈታ ሰው እያፈላለግኩ ነው።