ያውቁ ኖሯል? ዊንዘር፦ በጦርነት መሀል የተመረጠ የቤተሰብ ስም

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ንጉሣውያን «ዊንዘር» መባል የጀመሩት ገና በ1917 መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ከዚያ በፊት ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ጀርመናዊውን ልዑል አልበርትን ስላገባች፣ ልጆቿ በአባታቸው ወገን የሳክስ-ኮበርግ-ጎታ ቤት ይባሉ ነበር። ይህ የሥርወ መንግሥት መጠሪያ ነው። የቤተሰቡ ስም ማን ይሆን ተብለው የተጠየቁት የዘር ሐረግ አዋቂዎች ግን ተቸገሩ፤ ምናልባት ዌቲን፣ ምናልባትም ዊፐር ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጁን 13 ቀን 1917 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በጠራራ ፀሐይ ደብድበው 162 ሰው ገደሉ። ፖፕላር በተባለው ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ 18 ሕፃናት አለቁ። የቦምብ ጣዮቹ መጠሪያ ደግሞ «ጎታ» ነበር! ልጆቹን የቀበረ ሕዝብ ንጉሡ በዚሁ ስም ሲጠራ እንዴት ይስማ? በቀጣዩ ወር፣ ጁላይ 17፣ ጆርጅ 5ኛ ስሙን በአዋጅ ለወጠ።

ፕላንታጀኔት፣ ዮርክ፣ ላንካስተር፣ ቱዶር-ስቱዋርት፦ እነዚህ ሁሉ ታስበው ቀርተዋል። «ዊንዘር» ያለው የንጉሡ የግል ጸሐፊ ሎርድ ስታምፎርድሃም ነው። በ1312 በዊንዘር ግንብ የተወለደው ኤድዋርድ 3ኛ በትውልድ ቦታው ይጠራ እንደነበር ያውቅ ነበር። የሰውየው ምርጫ ብልህ ነው፤ ግንቡን ያሠራው ድል አድራጊው ዊሊያም ስለሆነ፣ አዲሱ ስም የስምንት መቶ ዓመት ክብር ይዞ መጣ።

ይሁንና ሌሎች ዊንዘሮች ቀድመዋል። በ1086ቱ የዶምስዴይ መዝገብ የሰፈረው ዋልተር የግንቡ ጠባቂ ሹም ነበር፤ ልጆቹም «የዊንዘር» ተባሉ። ከእነሱ አንዱ ጄራልድ ወደ ዌልስ ዘልቆ ልዕልት ኔስትን አገባ። ስመ ጥሮቹ የአየርላንድ ፊትዝጄራልዶች ከዚህ ጋብቻ የወጡ ናቸው። ለስሙ የቀደመ ባለመብት ካለ፣ እኔ ለእነዚህ እፈርዳለሁ።

የጆርጅ 5ኛ ዘመዶች ባተንበርጎችም በዚያው በ1917 ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ማውንትባተን ሆኑ። ከእነሱ ልዑል ሉዊስ በጀርመን ትውልዱ የተነሳ በ1914 የባሕር ኃይል አለቅነቱን ለቅቆ ነበር።

ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በ1952 ልጆቿ ዊንዘር እንዲባሉ ወሰነች። ባሏ ፊሊፕ ማውንትባተን ስሙን ለልጆቹ ማውረስ ባለመቻሉ ክፉኛ ቅር ተሰኘ። በ1960 የልዑልነት ማዕረግ ለሌላቸው ዘሮቻቸው «ማውንትባተን-ዊንዘር» ተፈቀደ።

የእኛም ሰው በዊንዘር አለ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ፣ በቪክቶሪያ ፈቃድ እዚያው ግንብ ውስጥ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀብሯል። አፅሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉ የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት የመቻሉ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው የሚል ነበር። ጥያቄው ግን እስኪመለስ ድረስ መነሣት አለበት፤ እርስዎም ያንሱት።