ስለ ነጋዴ ስምና በስልክ ስለሚነገር ዋጋ

ሰንጋ ተራ፥ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፥ የደለበ በሬ የሚሸጥበት ተራ ነበረ። በከብት ገበያ ዋጋ የሚቈረጠው በደላላ መካከለኛነት፥ በብዙ ክርክር ነው፤ ይሁን እንጂ ገዢው ሻኛውን ዳብሶ፥ ጥርሱን አይቶ፥ አስነሥቶም አስኪዶ ገንዘቡን የሚያወጣ ስለ ሆነ፥ የሻጩን ቃል ባያምን እንኳ ዐይኑንና እጁን ያምናል። ዛሬ በዚያ ስፍራ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በአካባቢው የሚነግዱ ሱቆችም በቴሌግራም፥ በፌስቡክና በቲክቶክ ገጽ ከፍተው ደንበኛ ይጠራሉ።

በስልክ አይቶ የሚገዛ ሰው ግን የሚዳብሰው ነገር የለውም። በፊቱ ያለው የዕቃው ሥዕል፥ የነጋዴው ስምና ዋጋው ብቻ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱን ደብቆ ገዢን እመነኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ሆኖም ከብዙዎቹ ሥዕሎች ሥር የሚነበበው ቃል «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ነው።

ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቱ ዋጋውን አይቶ ጥቂት ብር እንዳይቀንስበት ይሠጋል፤ የጠየቀውን ሰው በንግግር እይዘዋለሁ ብሎም ተስፋ ያደርጋል። ከሁሉ የሚበረታው ግን የምንዛሪው ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሰኞ የጻፈው ዋጋ ኀሙስ ሊያከስረው ይችላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መድኀኒቱ ግን ዝምታ አይደለም። በዋጋው አጠገብ ቀን መጻፍ ይበቃል። «ይህ ዋጋ እስከ ዐርብ ማታ የጸና ነው» ቢባል ገዢው ይፈጥናል፥ ነጋዴውም ከወቀሳ ይድናል። ጎረቤትም ቢሆን ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ፥ አንድ ልጅ ልኮ ከማስጠየቅ የሚያግደው የለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። በሱቁ ግድግዳ ዋጋ ለጥፎ በስልኩ ገጽ የሚደብቅ ሰው ለአንዱ ደንበኛ ሁለት ፊት ማሳየቱ ነው።

በስልክ ዘመን ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ እንደሚደርስ፥ በዚሁ ሰፈር አቅራቢያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ካቆመው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ባንኩ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ያስመረቀው፥ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ ለስሙ ትልቅ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በአሠራሩ ብልሽት ደርሶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማዛወር በቻሉ ጊዜ፥ ተማሪዎች በስልክ መልእክት ተጠራርተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገንዘብ በሚያወጡ መሣሪያዎች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን አቋርጦ፥ የደረሰው የኮምፒዩተር ጥቃት አለመሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነበት፤ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታወቀ። በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተነገረ፤ አብዛኛውም ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውን ይፋ አወጣ፥ ፎቶግራፋቸውንም በቅርንጫፎቹ በር ላይ ለጠፈ። (ይህን ያየ ነጋዴ ባለዕዳውን በቴሌግራም ገጹ ልለጥፍ ቢል፥ ትልቁ ባንክ የቻለውን ወቀሳ ትንሽ ሱቅ አይችለውም።)

ትንሹንም ነጋዴ በየቀኑ የሚገጥመው ይኸው ነው፥ መጠኑ ያንሳል እንጂ። የገዛሁት ጫማ ቀለሙ ለቀቀ፥ ያዘዝሁት ወንበር ዘገየ ብሎ ደንበኛ ከገጹ ሥር ሲጽፍ፥ ብዙው ባለሱቅ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ደንበኛው ግን አስቀድሞ ፎቶ አንሥቶ አስቀምጦት ይሆናል፤ በሌላ ገጽ ሲያወጣውም ጫማው ይረሳና የነጋዴው መደበቅ ዋና ጉዳይ ይሆናል። በዚያው ስፍራ፥ በዚያው ሰዓት «ጫማውን ይዘው ይምጡ፤ እንለውጥልዎታለን» ብሎ መመለስ የሚያስወጣው የአንድ ጫማ ዋጋ ነው፤ ያነበበው ሰው ሁሉም ሱቁ ዕቃ እንደሚለውጥ ያውቃል።

ለዚህ ሥራ አንድ የታወቀ ሰው መመደብ ይገባል። ገጹን ጧት ባለቤቱ፥ ቀን ሻጩ፥ ማታ የባለቤቱ ልጅ ሲይዘው ይታያል፤ አንዱ «እርስዎ» ያለውን ደንበኛ ሌላው «አንተ» ይለዋል፥ ሦስተኛው በሳቅ ሥዕል ያልፈዋል። ጸሓፊ ያለው ድርጅት ሥራውን ለጸሓፊው ቢሰጥ፥ የሌለውም ከሻጮቹ እርጋታ ያለውን ቢመርጥ መልካም ነው። ከስልኩ አጠገብ ደብተር አኑሮ የጠየቀውን ሰው፥ የተጠየቀውን ዕቃና የተሰጠውን ዋጋ ከነቀኑ ቢያስጽፍ፥ በወሩ መጨረሻ ምን ተፈልጎ እንደ ታጣ ከዚያው ደብተር ያገኘዋል፤ ለሚቀጥለው ወር ዕቃ ሲያዝም በግምት ሳይሆን በዚያ ይመራል።