የገዢው መዝገብና የአቅራቢው ልክ

አንድ ታላቅ የንግድ ድርጅት በዓለም አየር ላይ የሚያሳርፈውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ሸክም ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ የድርጅቱን የጭስ ማውጫና የመብራት ሒሳብ ብቻ ቢመረምር ከነገሩ ጥቂቱን እንጂ ዋናውን አያገኝም፤ ጥጡን የዘራው ገበሬ፣ ክሩን የፈተለው ፋብሪካ፣ ዕቃውን የጫነው መርከብ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ልቀት ጨምረውበት ነውና ሸቀጡ ከመደብሩ የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና «የግሪንሀውስ ጋዝ ፕሮቶኮል» በመባል የሚታወቀው የሒሳብ ሥርዓት ልቀትን በሦስት መደብ ከፍሎ፣ ድርጅቱ ራሱ የሚያወጣውን በመጀመሪያው፣ ከሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨውን በሁለተኛው፣ የቀረውን ሁሉ በሦስተኛው አኖረ፤ ይህንንም ሦስተኛ መደብ እ.ኤ.አ. በ2011 በ15 ዘርፍ ለይቶ አብራራው። ሲዲፒ የተባለው መረጃ ሰብሳቢ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ በኩባንያዎች የአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ያለው ልቀት ከራሳቸው ሥራ ከሚወጣው በአማካይ 26 ጊዜ ይበልጣል።

ስለዚህም ገዢዎች ፊታቸውን ወደ አቅራቢዎቻቸው መለሱ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 አቅራቢዎቹን ወደ ታዳሽ ኃይል የሚመራ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ዋልማርትም ከሁለት ዓመት በኋላ እስከ 2030 ድረስ 1 ቢሊዮን ቶን ልቀት ከአቅርቦት ሰንሰለቱ ለማስቀረት ተነሥቶ፣ ግቡን ስድስት ዓመት ቀድሞ መምታቱን አስታወቀ። ቁጥሩ የተሰበሰበው ከአቅራቢዎቹ ከራሳቸው ቃል ነውና ጥያቄ አያጣውም። ከዚህ አብልጬ የማመሰግነው ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤችኤስቢሲ ባንክ ጋር ተስማምቶ፣ መልካም ውጤት ላሳየ አቅራቢ የተሻለ የገንዘብ አቅርቦት እንዲመቻችለት ማድረጉን ነው፤ መጠይቅ ልኮ መልስ ብቻ የሚጠብቅ ገዢ ሥራውን ገና አልጀመረውም።

ለአገራችን ነገሩ ቅርብ የሚሆነው በቡና ነው። ከማጠቢያ ጣቢያ የደረሰው እሸት ቡና በመፈልፈያው ቅርፊቱ ከተገፈፈ በኋላ፣ ፍሬው ሙጫውን እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያም ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ቅርፊቱ ተከምሮ፣ እጣቢውም በጉድጓድ ታጉሮ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሜቴን ይወጣል፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ሒሳብ ሙቀትን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ያምቃል። ቅርፊቱን እያገላበጡ ብስባሽ ማድረግ ግን ይህን ጉዳት ይቀንሰዋል፤ በጀንፈሉ የሚደርቀውም ቡና ከነአካቴው የማጠቢያ ውሃ አይሻም።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሊቃውንት ከብራዚልና ከቬትናም ወደ ብሪታንያ የሚላከውን የአረቢካ ቡና መርምረው፣ በተለመደው መንገድ ለሚመረተው ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 15 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በዘላቂ ዘዴ ተመርቶ በአውሮፕላን ፈንታ በመርከብ ለሚጓጓዘው ግን 3.5 ኪሎ ግራም ገደማ ልቀት አግኝተዋል። በእንዲህ ያለ ልዩነት መካከል አማካይ ቁጥር ማንን በትክክል ይገልጻል? ገዢው ከማሳው የተገኘ መረጃ በሌለው ጊዜ የገዛውን ኪሎ ወይም የከፈለውን ገንዘብ በአማካዩ አባዝቶ ይመዘግባልና፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ቡናውን የሚያለማው የጅማ ወይም የሲዳማ ገበሬ፣ ዛፉን መንጥሮ ዩሪያ በሚበትነው ሰው ልክ ይፈረድበታል። ስለዚህ መለካት ለእኛ ገበሬ ከባዕድ የተጫነ ዕዳ ብቻ ሳይሆን ርትዕ የሆነ ፍርድ የሚያገኝበት መንገድም ነው ብዬ አምናለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ልብስ እንዲሁ ነው፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ የሚመነጭ ሆኖ ሳለ፣ የስፌቱ ልቀት በድንጋይ ከሰል ኃይል በሚሠራ አገር ልክ ቢመዘገብ ሐሰት ይሆናል።

ዳሩ ግን ልኬት ወጪ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ አፈጻጸሙ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ስለሚጠይቅ፣ እጅግ አነስተኛ የሆኑ ማሳዎችን ዞሮ የመመዝገቡ ድካም በዩኒየኖችና በላኪዎች ትከሻ ላይ ወድቋል። የልቀቱም ቁጥር በዚሁ መንገድ ከተጠየቀ፣ ሀብታሙ ገዢ መዝገቡን የሚያሳምረው በድኻው አቅራቢ ኪሳራ ይሆናል። መጠይቁ አንድ ወጥ ሆኖ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛና በአማርኛ ይዘጋጅ፤ የልማት ሠራተኛው ከገበሬው ጋር ማሳው ላይ ቆሞ ይሙላው፤ የተገኘውም ልክ የዩኒየኑ ንብረት ሆኖ ለየትኛውም ገዢ የሚቀርብ ይሁን። የልኬቱን ወጪ ገዢው ይክፈል፤ ለብስባሹና ለእጣቢው ማጣሪያ የሚወጣውም ገንዘብ ለበርካታ ዓመታት በሚጸና የግዢ ውል ውስጥ፣ በቡናው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይጻፍ።