«አራት ሰዓት ይበቃኛል» ከማለታችሁ በፊት

በጥገና ሥራ አዲስ ናችሁ እንበል። ከቮርቢ ጎርድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ይደውላሉ። «ሁለት መደርደሪያ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ አንድ ቁም ሳጥን መግጠም ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሥራው እንዳያመልጣችሁ ቶሎ ብላችሁ «አራት ሰዓት ገደማ ይበቃኛል» ትላላችሁ። ልጆቻችሁንም «ከሰዓት በኋላ ዋና እንሄዳለን» ብላችኋል። ሰባተኛው ሰዓት ላይ ግን አሁንም ትራፓኖ ይዛችሁ መሰላል ላይ ናችሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሕግም አለ። ኮንሱሜንትሼንስትላገን የሚባለው ሕግ እንደሚለው፣ ለግለሰብ ደንበኛ «ይህን ያህል ገደማ» ብላችሁ ዋጋ ከነገራችሁ፣ ሌላ ስምምነት ወይም ተጨማሪ ሥራ ከሌለ በቀር፣ የመጨረሻው ሂሳብ ከዚያ በ15 በመቶ በላይ ሊበልጥ አይችልም። እናስላው፦ በሰዓት 400 ክሮነር ቢሆን፣ አራት ሰዓት 1600 ክሮነር ነው። መጠየቅ የምትችሉት ቢበዛ 1840 ነው። ሰባት ሰዓት ከሠራችሁ የ960 ክሮነር ድካም በነፃ ሄደ ማለት ነው።

ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ስም ሰጥተውታል፤ ሰው ሥራውን ሲያቅድ ሁሉም ነገር የሚሳካበትን ቀን ብቻ ነው የሚያስበው። በ1994 በወጣ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገምተው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መጀመሪያ፣ ከቤታችሁ በር እስከ ቤታችሁ በር ቁጠሩ። ኩንገንስ ኩርቫ ካለው ኢኬያ ዕቃ ማምጣት፣ መኪና ማቆም፣ ዕቃ ማንሳት፣ ካርቶን መጣል፣ አቧራ መጥረግ ሁሉ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፣ ግድግዳውን ጠይቁ። ከ1965 እስከ 1974 በሚሊዮን ፕሮግራም በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ የኮንክሪት ግድግዳ ብዙ ነው። ተራ ትራፓኖ እዚያ ላይ ይለግማል፤ የሚመታ ትራፓኖና የኮንክሪት ፑንታ ያስፈልጋል። «ግድግዳው ምንድን ነው? ፎቶ ይላኩልኝ» ማለት ነውር የለውም። ስቱኮና ቀለም ካለ ደግሞ የሚደርቅበትን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ አንብቡ። በችኮላ አይደርቅም።

ሦስተኛ፣ ደብተር ያዙ። ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሥራው፣ የገመታችሁት ሰዓት፣ የፈጀው ሰዓት። ከአሥር ሥራ በኋላ የፈጀውን ጠቅላላ ሰዓት ለገመታችሁት አካፍሉ። 1.5 ከመጣ፣ የሚቀጥለውን ግምት በ1.5 አባዙ። ሁለት ሰዓት ያላችሁት ሦስት ይሁን።

የቀጠሮ ሰዓትም አያምታታችሁ። ስዊድኖች «ሃልቭ ትሬ» ሲሉ ሦስት ተኩል ሳይሆን ሁለት ተኩል ማለታቸው ነው፤ ከቀትር በኋላ ከሆነ 14.30፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል።

ልጆች፣ እናንተም አግዙ! አባባ ወይም እማማ ወንበር ሲገጥሙ፣ ወይም እናንተ ክፍላችሁን ስታጸዱ፣ መጀመሪያ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሁሉም ይገምት፤ ከዚያ ሰዓት ያዙ። በጣም የቀረበው ያሸንፋል። ውጤቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሲደወል እንዲህ በሉ፦ «ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ግድግዳው ካስቸገረኝ፣ ከመቀጠሌ በፊት እነግርዎታለሁ።» አንዳንዱ ደንበኛ ረዘመ ብሎ ወደ ሌላ ይሄድ ይሆናል። የሚቀረው ግን ያላችሁትን ያምናል። ለልጆቻችሁም የምትነግሩት ሰዓት ረጅሙ ይሁን። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ፣ የዋና ልብሱ በር ላይ ይጠብቃችኋል።