የማይጮኸው አዳኝ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። በኢታንግ ዙሪያ፣ በበጋ ከብቱን እየነዳ ወደ ባሮ ዳርቻ ለሚወርደው የኑዌር አርቢ ይህ ተረት ብቻ አይደለም፤ ጅብ በጨለማ ወደ ከብቱ ሲጠጋ ድምፁን የማያሰማ ውሻ ምን ያደርግለታል?

ከኢታንግ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደቡብ ሱዳንና ኮንጎ በሚዋሰኑበት የአዛንዴ ሕዝብ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገንዲ ዝንብ በበዛበት በዚያ ምድር ከብት እምብዛም አይረባም፤ ሥጋ የሚገኘው በአደን ነው። ለዚህ ሥራ የኖረው ውሻ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 10 ወይም 11 ኪሎ ቢሆን ነው። አይጮኽም ማለት ይቻላል። ዛሬ ዓለም ባሴንጂ ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1870 ወደ አዛንዴ አገር የዘለቀው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽቫይንፉርት መልኩን በጥንቃቄ መዝግቦታል፤ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ፣ ጆሮው ትልቅና ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ እንደ አሳማ ጅራት የተጠቀለለ። አንገቱ ላይ ደግሞ የእንጨት ቃጭል ይንጠለጠልለታል። ሣሩ ከሰው ቁመት በሚበልጥበት ሜዳ ዝምተኛ ውሻ ከዓይን ከተሰወረ ያለበትን የሚናገረው ቃጭሉ ብቻ ነው። አዳኞች መረብ ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ውሻው አውሬውን ከቁጥቋጦ እያስወጣ ወደ መረቡ ይነዳል።

እንግሊዞች ይህን ውሻ ሲያዩ ወደ ለመዱት ስም ሮጡ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጥንድ ውሾች ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ሲቀርቡ «የኮንጎ ቴሪየር» ተባሉ። ቴሪየር በአገራቸው ቀበሮና አይጥ ከጉድጓድ የሚያወጣ ትንሽ ውሻ ነው፤ አፍሪካዊው ውሻ ከእሱ ጋር ዝምድና የለውም። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ዲስቴምፐር በተባለው የውሻ በሽታ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1923 እመቤት ሄለን ነቲንግ ከሱዳን ስድስት ውሾች ወደ እንግሊዝ ወሰዱ፤ እነዚህን ደግሞ ያው በሽታ እንዳይዛቸው የተሰጣቸው ክትባት ፈጃቸው። ዘሩ የጸናው ኦሊቪያ በርን የተባሉት አርቢ ከኮንጎ ያመጧቸውን ውሾች እ.ኤ.አ. በ1937 በክራፍትስ ካሳዩ በኋላ ነው።

ዝምታው ግን ድዳነት አይደለም። ባሴንጂ ሲደሰት በዘፈንና በጩኸት መካከል የሆነ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያወጣል፤ ያጉረመርማል፣ ያላዝናል፣ አልፎ አልፎም አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። ሜይን ውስጥ በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሴንጂን ከለፍላፊው ከኮከር ስፓንየል ጋር አዳቅለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ለመጮኽ መቸኮልና ከጀመሩ በኋላ ደጋግሞ መጮኽ ለየብቻ የሚወረሱ ጠባዮች ናቸው።

ጠባዩ ለሁሉም ሰው አይመችም። እንደ ድመት ራሱን እየላሰ ያጸዳል፤ ሽታም የለውም፤ ይህን የሚወድ ብዙ ነው። አጥር ላይ ወጥቶ ሲሄድ፣ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆን ደግሞ ባለቤቶቹ «ግትር» ይሉታል። ስድብ ሳይሆን አይቀርም። ሣር ውስጥ ጌታው በማያየው ቦታ ብቻውን እየወሰነ ለሚያድን ውሻ ግን ትእዛዝ መጠበቅ ምን ይረባዋል? ሴቷ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የቤት ውሾች በዓመት ሁለቴ ሳይሆን አንዴ ብቻ ነው ለእርባታ የምትደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናትም ይህ ውሻ ከውሾች የዘር ሐረግ ግንድ አጠገብ ቀድሞ የተገነጠለ ቅርንጫፍ መሆኑን አሳይቷል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ዘሩ የተራባው ከጥቂት ውሾች በመሆኑ ችግር አላጣውም። ፋንኮኒ የተባለው በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም ብዙዎቹን ገድሏል። ስለዚህ አርቢዎች ወደ ምንጩ ተመለሱ። እንግሊዛዊቷ ቬሮኒካ ቱዶር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ደቡብ ሱዳን ተጉዘው ፉላ የምትባል ቀይና ነጭ ሴት ውሻ ይዘው ተመለሱ፤ ስሟ ዛሬ በብዙ ባሴንጂዎች የትውልድ መዝገብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካውያን አርቢዎች በዚያን ጊዜ ዛየር ትባል ከነበረችው ኮንጎ አዳዲስ ውሾች አመጡ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብም እ.ኤ.አ. በ1990 መዝገቡን ከፍቶ ተቀበላቸው፤ ነብርማ ዝንጉርጉር ጠጉር በአሜሪካ ባሴንጂዎች ዘንድ የተስፋፋው በእነዚህ መጤዎች ነው።